ለሠርግ የተበየደችው ተሳቢ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የዚህ ዓምድ ተከታታይ ስልክ ደወሉልኝ። ጥያቄያቸው አጭር ነበር። «ወንድሜ፣ ልጆቼ በመኪናው ይሂዱ ወይስ በአውቶቡስ ልላካቸው?»

የምን መኪና፣ ወዴት፣ ለምን ብዬ ስጠይቅ ነገሩ ተዘረገፈ። የባለቤታቸው እህት ልጇን ሸዋሮቢት ላይ ልትድር ነው። ባለቤታቸው ደግሞ የድንኳኑን፣ የወንበሩን፣ የድስቱን፣ የመጠጡንና የጄኔሬተሩን ነገር «በእኔ ይሁን» ብለው ቃል ገብተዋል። አይሱዙ ለመከራየት ጠይቀው ዋጋው አስደነገጣቸው። ስለዚህ አንድ ብየዳ ቤት ሄደው ባለ ሁለት ጎማ ትንሽ ተሳቢ አሠሩ። ከፕራዷቸው ኋላ አስረው ቤተሰቡንም ዕቃውንም በአንድ ጉዞ ሊያደርሱ አስበዋል። ሴትዮዋ ተሳቢዋን አላመኗትም፤ ለምን እንዳላመኗት ግን ማስረዳት አቃታቸው። «እንዲያው ሳያት ደስ አትለኝም» ነው ያሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢያቸው ድረስ ሄጄ አየኋት። ቆንጆ ናት፤ አረንጓዴ ተቀብታለች፣ ጎኗ ላይ አበባ ተስሎባታል። ባለቤታቸው በኩራት ዞር ዞር እያሉ አሳዩኝ። ሙሉ ጭነቷን ጭነው ነበር የጠበቁኝ፤ ማየት የፈለግሁትም እሱን ነው።

እኛ አገር ተሳቢ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው የጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ነው። ሹፌሩ የዓመታት ልምድ አለው፣ ተሳቢውም የራሱ ፍሬን አለው። የቤት መኪና ተሳቢ ሲጎትት ብዙም ስለማናይ ነገሩ ቀላል ይመስለናል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ከግዛት ግዛት ቤት ሲቀይሩ ዩሆል ከሚባለው ድርጅት ተሳቢ ተከራይተው ሶፋና ፍራሻቸውን እየጎተቱ ይሄዳሉ። እዚያ ግን መንገዱ ሰፊ ነው፣ ተሳቢውም በፋብሪካ የተሠራ ነው። ያም ሆኖ አከራዩ በሰዓት ከ55 ማይል፣ ማለትም ከ88 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይነዱ ያስጠነቅቃቸዋል። የእኛ ሰው ግን ተሳቢዋን ብየዳ ቤት አሠርቶ ጣርማበርን ሊወርድ ነው።

መጀመሪያ ያየሁት መጋጠሚያዋን ነው። ከመኪናው ኋላ ኳስ የመሰለች ብረት አለች፤ የተሳቢዋ አፍ እሷን ጎርሶ ይቆለፋል። ኳሷ ላይ መጠኗ ተቀርጾ ነበር፤ አንድ ኢንችና ሰባት ስምንተኛ፣ በሚሊ ሜትር 47.6 ናት። የተሳቢዋ አፍ ደግሞ ሁለት ኢንች፣ ማለትም 50.8 ሚሊ ሜትር ነው። ኳሷ ከአንድ ቦታ፣ አፉ ከሌላ ቦታ ተገዝተው መጥተዋል።

«ሦስት ሚሊ ሜትር ምን ታመጣለች?» አሉኝ ባለቤታቸው።

ችግሩ የሚጋጠም መምሰሉ ነው። ይገባል፣ ይቆለፋል፣ ቆሞ ሲያዩት ምንም የጎደለው አይመስልም። ጥሩ አስፋልት ላይም ሊሄድ ይችላል። አንድ ጉድጓድ ወይም የፍጥነት መግቻ ሲያነጥረው ነው አፉ ከኳሱ ዘሎ የሚወጣው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ካጋጠማችሁና ከቆለፋችሁ በኋላ የተሳቢውን አፍንጫ በክሪክ ወደ ላይ አንሱ። የመኪናው የኋላ ክፍል አብሮ ከተነሳ ይዟል። አፉ ከኳሱ ላይ ከተነሳ ግን አልያዘም። እኛም አነሳን። መኪናው ሳይነቃነቅ የተሳቢዋ አፍ ብቻዋን «ቷ» ብላ ወጣች። ሴትዮዋ ባለቤታቸውን ዞር ብለው አዩአቸው፤ ምንም አላሉም።

ሁለተኛው ነገር ኳሷ የተበየደችበት ቦታ ነበር። በያጁ የበየዳት የኋላው ባምፐር ላይ ነው። ባምፐር ለግጭት መከላከያ እንጂ ከግማሽ ቶን በላይ ለመጎተት አልተሠራም። ፕራዶ ከሥሩ ሻንሲ ያለው መኪና በመሆኑ መጎተቻው ሻንሲው ላይ በብሎን መታሰር አለበት፤ ፋብሪካውም ለዚሁ ብሎ ቀዳዳ አዘጋጅቶለታል። እንደ ራቭፎር ያሉት የተለየ ሻንሲ የላቸውም፤ አካላቸው ራሱ ሸክም ተሸካሚ ስለሆነ ለዚያው ሞዴል የተሠራ መጎተቻ ካልተገጠመላቸው ላሜራው ይቀደዳል። ከአንድ ዓይነት መኪና ውስጥም ልዩነት አለ። አውሮፓ ውስጥ የተሸጠው ሃይብሪድ ራቭፎር ሁለት ጎማ ብቻ የሚነዳው 800 ኪሎ፣ አራቱንም የሚነዳው 1,650 ኪሎ እንዲጎትት ነው የተፈቀደለት። ከውጭ ሲታዩ ግን አንድ ናቸው። የጎረቤት መኪና ጎተተ ብሎ የራስን ማሰር ያሳስታል፤ የመኪናውን መጽሐፍ ገልጦ ማየት ነው።

ከዚያ ወደ ክብደቱ ሄድን። የሁሉም ነገር ቁልፍ እዚህ ስለሆነ ትንሽ ታገሱኝ።

ሒሳቡን ወረቀት ላይ አብረን ሠራነው። ተሳቢዋ ባዶዋን ወደ 300 ኪሎ ትሆናለች፤ በያጁ ብረት አልሰሰተም። ድንኳኑ ከነብረቱ 200፣ ጄኔሬተሩ 90፣ ድስትና ማንደጃው 60፣ 60 የፕላስቲክ ወንበር 150፣ 20 ሳጥን ቢራና ለስላሳ ደግሞ 400 ኪሎ። ጠቅላላው 1,200 ኪሎ መጣ። ባለቤታቸው ፈገግ አሉና «ፕራዶ እኮ ነው፤ ሁለት ቶን ይጎትታል» አሉ።

ይጎትታል፤ እውነታቸውን ነው። ትልቁ ላንድክሩዘር 200 እማ በአውሮፓና በአውስትራሊያ እስከ 3,500 ኪሎ ይፈቀድለታል። ያ ቁጥር ግን የራሱ ፍሬን ላለው ተሳቢ የተጻፈ ነው። በእነዚሁ አገሮች ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ እንዲያልፍ አይፈቀድም፤ ጎታቹ ላንድክሩዘርም ቢሆን። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሞተሩ ለመጎተት ጉልበት አያጣም፤ ማቆሙ ነው ከባዱ። ፍሬን የሌላት ተሳቢ መኪናው ሲቆም አትቆምም፣ ከኋላ ትገፋዋለች። መኪናው ኩርባ ላይ ከሆነ ደግሞ ጎኑን ትገፋውና ታዞረዋለች። የእኛዋ ተሳቢ ፍሬን የላትም።

ቀጥሎ የሰው ክብደት የሚለካባትን ሚዛን ከመኝታ ቤት አስመጣሁ። ተሳቢዋን ከመኪናው ፈታንና እንደ ሞፈር ወደፊት የተዘረጋውን የመጎተቻ ብረቷን ጫፍ፣ ኳሱ በሚቀመጥበት ከፍታ፣ በእንጨት ደግፈን ሚዛኑ ላይ አሳረፍነው። 15 ኪሎ አነበበ። 1,200 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ አፍንጫው ላይ 15 ኪሎ ብቻ! ሴትዮዋ በአንድ እጃቸው አነሱት። «ታዲያ መቅለሉ ጥሩ አይደለም?» አሉ።

በዚህ ነገር ብዙ ሰው ይሳሳታል። አፍንጫው መክበድ አለበት። ልኩ ከጠቅላላው ክብደት አሥር በመቶ አካባቢ ነው። ለ1,200 ኪሎ ወደ 120 ኪሎ ማለት ነው። አፍንጫው የቀለለው ጄኔሬተሩና የመጠጥ ሳጥኑ ከጎማዎቹ ኋላ፣ በር በሩን ስለተጫኑ ነው። ለምን እንዲያ እንደጫኑ ስጠይቅ «መጀመሪያ የሚወርዱት እነሱ ናቸው» አሉኝ። ምክንያቱ ለአውራጅ ጥሩ ነው፤ ለጉዞው ግን አደገኛ ነው።

ጭነቱ ወደኋላ ያደላ ተሳቢ ነፋስ ወይም የሚያልፍ አውቶቡስ ትንሽ ጎኑን ገፋ ሲያደርገው ወደ ቦታው አይመለስም። ወደ ግራ ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ከመጀመሪያው ይበልጥ ይሄዳል፣ ከዚያ እንደገና ወደ ግራ። በዝግታ ሲሄዱ አይታወቅም። ፍጥነት ሲጨምር፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ፣ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መኪናውን ከነመሪው ይዞ መወዛወዝ ይጀምራል።

እኔ ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ከዓመታት በፊት ከዝዋይ በኩል ስመለስ ፍሪጅና አልጋ የጫነች የተዋስኳት ተሳቢ ከኋላዬ ነበረች። ፍሪጁን የጫንኩት መጨረሻ ላይ ነው፤ እኔ ራሴ። ፍጥነቴ 90 ገደማ ነበር። አንድ የጭነት መኪና ሲያልፈኝ መሪው እጄ ውስጥ ቀለለ፤ በስፖኪዮ ሳይ ተሳቢዋ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ በኩል ብቅ ትላለች። እግሬ ወደ ፍሬን ሲሄድ አጠገቤ የነበረው የባለቤቴ ወንድም፣ የድሮ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ «ፍሬን አትንካ! መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ነዳጁን ልቀቅ» ብሎ ጮኸብኝ። ለቀቅሁ። መኪናው በራሱ ጊዜ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ተሳቢዋም ቀስ በቀስ ረጋች። ፍሬኑን ብረግጠው መኪናው ሲይዝ ተሳቢዋ ትገፋኝና እንደ ሰንጢ እንታጠፍ ነበር። ነዳጅ ሰጥቶ «ማምለጥ» የሚባለውም አያዋጣም፤ ፍጥነት ሲጨምር ውዝዋዜው ይጨምራል። መሪውን ግራ ቀኝ እያሉ ለማረም መሞከርም ያባብሰዋል፤ እጃችን ሁልጊዜ ከተሳቢው ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ይቀራል።

ዕቃው ሁሉ ወረደ። ከባዱ ጎማዎቹ ላይና ከእነሱ ጥቂት ወደፊት፣ ከታች፤ ቀላሉ ከላይ። ጄኔሬተሩ ከወለሉ ጋር ታሰረ። የነዳጅ ታንኩም ባዶ እንዲሆን ነገርኳቸው፤ እየተናወጠ በሸራ ሥር ቤንዚን ማፍሰስ አያስፈልግም። የድንኳኑ ረጃጅም ብረቶች ወደኋላ ስለሚወጡ ክብደታቸው አፍንጫውን ያቀለዋል፤ ስለዚህ ወደፊት ተገፉ፣ ለተረፈው ጫፍ ቀይ ጨርቅ ተዘጋጀለት።

ከዚያ የመጠጡ ነገር መጣ። «ሸዋሮቢት ቢራ የለም እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁ። አለ፤ ግን አዲስ አበባ አከፋፋይ ዘመድ አላቸው፣ በቅናሽ ነው ያገኙት። ወንበርስ? እዚያም ይከራያል። መጠጡና ወንበሩ 550 ኪሎ ናቸው። እነሱ ከቀሩ ተሳቢዋ 650 ኪሎ ትሆናለች። ለአፍንጫዋ 65 ኪሎ ይበቃል፣ ፍሬን ለሌለው ከተባለውም ጣሪያ በታች ገባች። ባለቤታቸው የአከፋፋዩን ቅናሽ እያሰቡ ሲተክዙ አየኋቸው። እውነቱን ለመናገር እኔም አዘንኩ፤ ቅናሹ ጥሩ ነበር።

የቀረውን በፍጥነት አየነው። መብራቷ ሲበራ እንደ ሻማ ደብዝዛ ነበር፤ አምፖሎቹ የአይሱዙ ናቸው፣ 24 ቮልት። የቤት መኪና 12 ቮልት ነው፤ በ12 ቮልት አምፖል ተቀየሩ። የማሳ ሽቦውም በቀለም ላይ ታስሮ ስለነበር ተፍቆ እንደገና ታሰረ፤ ያለዚያ ፍሬቻ ሲበራ የፍሬን መብራቱም አብሮ ብልጭ ይላል። ከሰንሰለት ይልቅ በገመድ ነበር የተያዘችው። ሁለት ሰንሰለት፣ ከመጎተቻው ብረት ሥር ተሻግረው የግራው በቀኝ የቀኙ በግራ እንዲታሰሩ አደረግን። አፉ ከኳሱ ቢወጣ እንኳን አፍንጫው በሰንሰለቶቹ መስቀል ላይ ያርፋል፣ አስፋልት አይቆፍርም።

ጎማዎቹ ጥርሳቸው ደህና ነው። ጎናቸው ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች ግን አነበብኩላቸው፤ 1109፣ ማለትም በ2009 በፈረንጆች 11ኛው ሳምንት የተሠሩ። ጥርስ ስላላቸው ብቻ አዲስ አይደሉም፤ ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የተሳቢ ጎማ ሲተነፍስ ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ሆኖ አይሰማውም፤ ጭሱን በስፖኪዮ እስኪያይ ወይም የሚያልፈው ሰው እስኪጮህለት ድረስ ይነዳል። ስለዚህ ሁለቱም ይቀየሩ፣ የተሳቢዋ መለዋወጫ ጎማም ይኑር፤ የፕራዶው ለእሷ አይሆንም። ከተነሱ ግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሞ ቆሞ የጎማውን እምብርት በእጅ መንካት ነው። ለብ ካለ ደህና ነው፤ እጅ ማሳረፍ የማያስችል ከሆነ ኩሽኔታው ግራሶ የለውም ወይም ከልክ በላይ ጠብቋል።

በእኛ አገር ተሳቢ የራሱ ሰሌዳ ያለው ተሽከርካሪ ነው። ምርመራውንና ሰሌዳውን እንደጀመሩ ነግረውኛል፤ ሳይጨርሱ እንዳይወጡ፣ ከመድን ድርጅታቸውም ተሳቢዋ የምትሸፈን መሆኗን በጽሑፍ እንዲያገኙ ነገርኳቸው። መንጃ ፈቃዳቸውም ተሳቢ ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። መንገድ ላይ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም።

አሁን ወደ መንገዱ። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎ ሜትር አያስቸግርም። 80ን ካላለፉ፣ ከፊት ካለው መኪና ከወትሮው እጥፍ ከራቁና ለማለፍ ካልተጣደፉ ይበቃል። ቤንዚን የሚጠጣ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ወደ አሥር በመቶ ጉልበቱን ስለሚያጣ ዳገቱ ላይ መድከሙ አያስደንግጥ። ከባዱ የሚጀምረው ጣርማበር ላይ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ዋሻ ወጥተው ደብረ ሲናን አልፈው ሸዋሮቢት እስኪደርሱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ጠመዝማዛ መንገድ ከ1,700 ሜትር በላይ ይወርዳሉ።

ይህን በወጥ ቤት ቋንቋ ልንገራችሁ። መኪናው ከነቤተሰቡና ከነተሳቢዋ ሦስት ቶን ይመዝናል እንበል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በፍሬን አንዴ ማቆም ሁለት ሊትር ውኃ የሚያፈላ ሙቀት ይፈጥራል፤ አንድ ማንቆርቆሪያ ነው። ከጣርማበር እስከ ሸዋሮቢት መውረድ ግን 150 ሊትር ያህል የሚያፈላ ሙቀት ነው። ከዚህ ላይ ነፋሱና ጎማው የሚወስዱት ድርሻ አለ። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይሸከመዋል፣ ወይ ፍሬኑ። ፍሬን ላይ ከጣላችሁት ያቺ ትንሽ ብረት ትግላለች፣ ሸራዋ ትቃጠላለች፣ ዘይቷም ይፈላል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ይችላል፤ ውሎ አድሮ እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 140 ይወርዳል። ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሆናል፤ ይረገጣል፣ አይዝም። ስለዚህ የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ባለቤታቸው መቼ እንደቀየሩ አያስታውሱም ነበር፤ እኔም የራሴን ለማስታወስ ትንሽ አሰብኩ።

አወራረዱ እንዲህ ነው። ዋሻው ጋ ስትደርሱ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ከባድ ማርሽ አስገቡ። በእጅ ማርሽ ከሆነ ሁለተኛ፣ ቢበዛ ሦስተኛ። አውቶማቲክ ከሆነ ኦቨርድራይቩን አጥፍታችሁ ወደ 2 ወይም ወደ ኤል አውርዱት። ሞተሩ ይጮኻል፤ ይጩኽ፣ ሥራው ነው። ፍጥነቱ ከፈለጋችሁት በላይ ሲሆን ፍሬኑን ጠንከር አድርጋችሁ ረግጣችሁ ቀንሱና ልቀቁት፣ ይቀዝቅዝ። እግርን ፍሬን ላይ አሳርፎ እስከ ታች መውረድ ነው የሚያቃጥለው። ማርሽ ዜሮ አድርጎ ነዳጅ መቆጠብ የሚባለውን ሰምቻለሁ፤ ከዚያ መንገድ ላይ የሚቆጠበው ነዳጅ የጎማ መግዣ አይሆንም። ሌላም ነገር አለ፤ በብዙ መኪኖች እግራችንን የሚያግዘው የፍሬን ረዳት በአየር ግፊት ልዩነት ነው የሚሠራው። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ እገዛው ይቀንሳል። ጣርማበር አናት ላይ ፔዳሉ ከአዲስ አበባው ይልቅ ጠንካራ ቢሆንባችሁ አትደንግጡ፤ ተዘጋጁበት።

የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጎ መቆም ነው። ውኃ አይደፋበትም፤ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል። ከጎማው ሥር ድንጋይ አድርጋችሁ ቡና ጠጡ። ስትነሱ ደግሞ ድንጋዩን አንሱት። ይህን የምለው ስለ ተሳቢ ብቻ አይደለም። በዚያ መንገድ ላይ ማታ የስንቱን መኪና ሆድ የቀደደው ሹፌሮቻችን አስቀምጠውት የሄዱት ድንጋይ ነው።

ሁለት ነገር በጥብቅ ተናገርኩ። የወንድማቸው ልጆች፣ አሥራ ስድስትና አሥራ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ «ዕቃው እንዳይሰረቅ ድንኳኑ ላይ ተቀምጠን እንሄዳለን» ብለው ነበር። አይሆንም። ለአንድ ኪሎ ሜትርም፣ ለሙሽራ አጀብም አይሆንም። ሁለተኛው ኳሷን የሚመለከት ነው። ሸዋሮቢት አሸዋ አለ፣ የሠርግ እንግዳ መኪና ይሰጥማል፣ «ፕራዶው ያውጣን» ይባላል። የተሳቢ ኳስ ላይ ገመድ አስሮ የሰጠመ መኪና መንጠቅ ክልክል ነው። ኳሷ የተሠራችው ለተረጋጋ ጉተታ ነው፤ በንጥቂያ ስትሰበር ገመዱ ወንጭፍ ይሆንና እሷን ድንጋይ ያደርጋታል። በዚህ አኳኋን ሰው ሞቷል። ለሰጠመ መኪና ሻንሲው ላይ የተሠራ የመጎተቻ ቀለበት አለ፤ ሰውም ገመዱ ከሚደርስበት ርቆ ይቁም።

መጨረሻ ላይ ሜዳ ሄደን ወደኋላ መንዳት ተለማመድን። ተሳቢ ወደኋላ ሲገፋ መሪው የተገለበጠ ይመስላል፤ ወደ ግራ ስታዞሩ ተሳቢው ወደ ቀኝ ይሄዳል። ዘዴው እጅን ከመሪው ታች፣ ሆድ በኩል ማድረግ ነው። ያኔ እጃችሁ ወደ ግራ ሲሄድ ተሳቢውም ወደ ግራ ይሄዳል። ትንሽ ትንሽ፣ በቀስታ፤ መታጠፉ ከበዛ ወደፊት ሄዶ አስተካክሎ እንደገና። ባለቤታቸው አራት ጊዜ ሞክረው አራቱንም አጠፏት። ሴትዮዋ «እስቲ እኔ» ብለው ገቡ፤ በሁለተኛው ሙከራ ድንጋዮቹ መሀል አስገቧት። ልጆቹ አጨበጨቡ። ባለቤታቸው ለረጅም ጊዜ ጎማ ሲመረምሩ ቆዩ።

ስንመለስ ሴትዮዋ ጥያቄያቸውን ደገሙልኝ። ኳሷ ተቀይራ መጎተቻው ሻንሲው ላይ ከታሰረ፣ ጎማዎቹ ከተቀየሩ፣ ተሳቢዋ ከነጭነቷ 650 ከሆነችና በብርሃን ከተነሳችሁ ልጆቹ ከእናንተ ጋር ይሂዱ፤ ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ግን ልጆቹ ብቻ ሳይሆኑ ሁላችሁም በአውቶቡስ ሂዱ፣ ድንኳኑን አይሱዙ ያምጣው አልኳቸው።

ረቡዕ ማታ ደወሉ። ባለቤታቸው ሶማሌ ተራ ሲዞሩ ውለው የፕራዶ የፋብሪካ መጎተቻ ከነብሎኑ አግኝተዋል፤ ኳሱም 50 ሚሊ ሜትር ነው፣ አፉንም አብረው በልኩ ገዝተዋል። በክሪክ አንስተው ሞክረውታል፤ የመኪናው ኋላ ተነስቷል። የፍሬን ዘይቱ ተቀይሯል። ሰሌዳው ሐሙስ ይወጣል ተብሏል፤ ካልወጣ አይሱዙው በተጠንቀቅ ነው። ቁልቁለቱን ማን ይነዳል ብዬ ጠየቅሁ።

«እሱ እስከ ደብረ ብርሃን» አሉኝ። «ከዚያ በኋላ እኔ ነኝ። የመጠጡን ዋጋ ግን እስካሁን ያነሳዋል፤ ሸዋሮቢት በሳጥን ስንት እንደሚሸጥ ሦስት ጊዜ ደውሎ አጣራ።»